የሰኞ ቅጣት

አክስቴ ኦብዱሊያ ሰኞ ሰኞ ቅጣቷን ትቀበል ነበር። በምን ጥፋት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አጥፊዋ እኔ ነበርኩና።

ሰባት ዓመቴ ነው። አገሩ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቢልባኦ ፋብሪካና ወደ ጀርመን የሚነጉድበት ዘመን ነበር። እናትና አባቴም ነጉደው፣ እኔን በሌዮን ተራሮች መካከል በተወሸቀችው መንደራችን በባልሴሮ፣ በአባቴ ታላቅ እህት እጅ ትተውኝ ሄደዋል። አክስቴ ባሏ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ገብቶ ሳይወጣ የቀረባት ሴት ናት። ልጅ አልወለደችም። ያላት ሁለት ላሞች፣ ላሞቹ የሚግጡበት አንድ መስክ፣ አንድ ዶማ፣ በላዩ ላይ ደግሞ እኔ። "ካለኝ ንብረት ሁሉ አፍ ያወጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ" ትለኝ ነበር።

ያንን መስክ የሚያጠጣው ቦዩ ነው። ከወንዙ ራስ ተጠልፎ፣ የተራራውን ወገብ ይዞ ሦስት ኪሎ ሜትር ተጉዞ መንደር ይደርሳል። የመንደሩ ቦሎቄ፣ ድንች፣ ድርቆሽ፣ ሁሉም የሚኖረው በእሱ ነው። በየጸደዩ ከየቤቱ አንድ ሰው እየወጣ ደለሉን ይጠርጋል፤ አያቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል።

ታዲያ አንድ የሚያዝያ ቀን እኔ ከቦዩ ዳር፣ ሦስቱ ድንጋዮች ከሚባለው ቦታ ቁጭ ብያለሁ። በእኛ አገር በጭቃ ወራት ሰው ሁሉ የእንጨት ጫማ ያጠልቃል። እኔ ደግሞ የግራውን አውልቄ መርከብ አደረግሁት። መርከቤ በደንብ ሄዳ ሄዳ፣ ውሃውን ከሚያግደው የጣውላ መዝጊያ ሥር ገብታ ተሰነቀረች። ጣውላውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። አልነቃነቅ አለኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ስጎትተው ተነቀለ። የታገደው ውሃ ጎርፎ ወጣና የቦዩን ግድብ እንደ ራሰ ዳቦ ናደው። ከግድቡ ሥር ያለው የኤውቲኪዮ የቦሎቄ ማሳ ዓይኔ እያየ ባሕር ሆነ። መርከቤም በዚያው ቀረች።

በአንድ እግር ጫማ ቤት ደረስኩ።

"ሌላኛውስ?" አለችኝ አክስቴ።

"ጭቃ ዋጠው።"

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ወዲያው ደረቅ ካልሲ አቀበለችኝና "ጭቃ ከሆነ የዋጠው፣ አንድ ቀን ይተፋዋል" ብላ ወደ ላሞቿ ሄደች።

በማግስቱ እሁድ ነበር። በባልሴሮ ከቅዳሴ በኋላ ደወል ይደወልና ከየቤቱ አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ይቆማል። ኤውቲኪዮ የጉባኤው ሰብሳቢ ነው። የየቤቱን ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ቤት አንድ ማሰሮ ወይን ጠጅ ይቀጣል፤ የተገኙት ይጠጡታል። ስለዚህ የሰው መቅረት ብዙም አያሳዝናቸውም ነበር። ባል ያለበት ቤት አንድ ቤት ነው። የመበለት ቤት ግን ግማሽ ቤት ነው የሚባለው፤ ድምፁም ግማሽ ነው። በመንደሩ ሁለት መበለቶች ነበሩ፤ አክስቴና ቢሲታስዮን። ሁለቱ ተደምረው አንድ ድምፅ ይሆናሉ ማለት ነው። ችግሩ፣ አክስቴ "አዎ" ካለች ቢሲታስዮን "በፍጹም" ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ በየእሁዱ እርስ በርስ ተሰራርዘው ጉባኤው ሁለቱም እንዳልተፈጠሩ ሆኖ ይቀጥላል።

እኔ ከምሰሶው ጀርባ ጆሮዬን አቁሜ ተደብቄያለሁ። ኤውቲኪዮ ስለ ቦዩ፣ ስለ ግድቡ፣ ስለ ቦሎቄው ጮኸ። ሰዎች እጃቸውን አወጡ። ከዚያ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች፤ "ሰኞ" የሚለው ብቻ ተሰማኝ። ኤውቲኪዮ ፊቱ ደም መሰለ።

"ሂጂያ!" ብሎ ጮኸባት። "ሰኞ ሰኞ ሂጂ! እስክትሞቺ ድረስ ሂጂ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፍርድ መሆኑ ነው እንግዲህ። የእኔን ጥፋት በአክስቴ ላይ ጥለው፣ እስክትሞት ድረስ ሰኞ ሰኞ ፈረዱባት።

አሁን የዚያን እሁድ ቃለ ጉባኤ አንብቤዋለሁ። የኤውቲኪዮ የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ቢሆንም ይነበባል። የቀረነው አሥራ አንድ ቤት ነን፣ አብዛኛው ሽማግሌ ነው፣ ግድቡን የሚጠግን ጉልበት የለም፣ ከክፍለ ሀገር ቱቦ ይመጣል ተብሏል፣ ስለዚህ ቦዩ ይተው ይላል። ከታች በኩል አንድ መስመር አለ፤ "ኦብዱሊያ፣ ግማሽ ቤት፣ አልተስማማችም፤ ሰኞ ሰኞ ብቻዬን እጠርጋለሁ ብላለች።"

ያን ቀን ግን ይህን ከየት ላውቅ? የማውቀው ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ዘንድ አክስቴ ለቢሲታስዮን ያለቻትን ነው።

"ቦዩ ከሞተ መስኩ ይሞታል" አለቻት፣ አንሶላውን እየጠመዘዘች። "መስኩ ከሞተ ላሞቹ ይሸጣሉ። ላሞቹ ከተሸጡ እኔ ቢልባኦ ሄጄ የሰው ወለል ልወለውል፣ ይቺ ልጅ ደግሞ ሌዮን መነኮሳቱ ዘንድ አዳሪ ልትገባ ነው።"

"ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ ኦብዱሊያ" አለች ቢሲታስዮን። "አንድ ዶማ ይዘሽ ሦስት ኪሎ ሜትር?"

"አንድ ዶማና አንድ ሰኞ።"

በማግስቱ፣ ወተት የሚሰበስበው መኪና ካለፈ በኋላ፣ አክስቴ ዶማዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ዳቦና ቋሊማ በጨርቅ ቋጠረች። እኔ የምማረው ታችኛው መንደር ነው፤ መምህሯ ከእሁድ ዕረፍቷ የምትመለሰው በሰኞ እኩለ ቀን አውቶቡስ ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ነጻ ነበርኩ። ተከተልኳት። ወንጀለኛ እንዴት ሳይከተል ይቀራል?

መንገዱ በኤውቲኪዮ ደጅ ያልፋል። እሱ የድንጋይ መቀመጫው ላይ ተደላድሎ ትምባሆውን ይጠቀልላል።

"እንደምን አደርክ፣ ኤውቲኪዮ" አለችው። "አካፋህ የት አለች?"

"ታማለች!" አለ እየሳቀ።

"ምሕረቱን ይላክላት" ብላ አለፈች።

የመጀመሪያዎቹን ሰኞዎች በሙሉ ሦስቱ ድንጋዮች ላይ ነው ያሳለፈችው። የተናደውን በድንጋይና በሣር አፈር ደልድላ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ደለሉን መጥረግ ተያያዘችው። በአንድ ጠዋት አሥር እርምጃ፣ አፈሩ ለስላሳ ከሆነ አሥራ አምስት። እኩለ ቀን ላይ ሥራ ስታቆም የደረሰችበት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ዱላ ትተክላለች። በሚቀጥለው ሰኞ ከዱላዋ ትጀምራለች። ሲዘንብ ጆንያ ራሷ ላይ ትደፋለች። አንድ ሰኞ ትኩሳት ይዟት ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁና አለቀስኩ።

"አክስቴ፣ የዛሬን እንኳ ይለፉሽ! ልለምናቸው?"

"ማንን ነው የምትለምኚው? ሰኞ እኮ ነው" አለችና ዶማዋን አነሳች።

ሰኞን የምትለምነው ሰው የለም ማለቷ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ዳኞቹን ለመጥራት እንኳ ፈርታለች ብዬ ደመደምኩ። የዚያን ሳምንት ያለ ጭቅጭቅ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሾርባዬን ጨረስኩ፣ ለላሞቹ እንኳ "እባካችሁ" እያልኩ ማውራት ጀመርኩ። የጫማውን ነገር ግን አልተናገርኩም። ብናገርና እኔን ወደ ሌዮን ቢልኩኝስ?

በመከር ወራት ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ለንስሐ ወደ አባ ሌአንድሮ ሄድኩ። አባ ሌአንድሮ የሦስት መንደር ቄስ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሞተር ብስክሌት የሚዞሩ ሰው። ቄሱ ተሸሽገው ንስሐ ከሚሰሙበት ሳጥን የወንፊት መስኮት ሥር ተንበረከክሁ።

"አባ፣ የአንድ ሰው ቅጣት ወደ ሌላ ሰው ይዞራል?"

"ማነው የተቀጣው፣ ልጄ?"

"አክስቴ።"

"ምን ብለው ቀጧት?"

"ሰኞ።"

"ሰኞ ምን?"

"ሰኞ ሰኞ ቦይ ትጥረግ ብለው ጉባኤው ፈረደባት። እስክትሞት ድረስ።"

ከመስኮቱ ማዶ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። ለአክስቴ ያለቀሱ መስሎኝ እኔም አብሬ አለቀስኩ። በኋላ ዘመን፣ በጡረታ ላይ ሳሉ ስጠይቃቸው፣ ሳቃቸውን ለማፈን ካባቸውን ነክሰው እንደነበር ነገሩኝ።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ቅጣት ወደ ሌላ ሰው አይዞርም። መካፈል ግን ይቻላል።"

የጫማዬን ጉዳይ ያኔም ዋጥኩት።

በሚቀጥለው ሰኞ አባ ሌአንድሮ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ ማጭድ ይዘው ቦዩ ዳር ከተፍ አሉ። ደነገጥሁ። እሳቸውንም ፈረዱባቸው ማለት ነው! ኃጢአት ሲናዘዙት እንደ ጉንፋን ወደ ቄሱ ይጋባል እንዴ? አክስቴ ግን እንኳን ደህና መጡም፣ ምነው መጡም አላለችም። በዶማዋ ጫፍ ቁጥቋጦ የወረሰውን ቦታ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም ማጨድ ጀመሩ።

በሁለተኛው ዓመት ቢሲታስዮን መጣች። "ቄስ ሲሠራ አይቼ ስለማላውቅ ለማየት ነው የመጣሁት" አለች። ባየችው ነገር ጥሩ አድርጋ ሳቀች፤ በሚቀጥለው ሰኞ ግን ዶማ ይዛ ተመለሰች። ከአክስቴ ጋር እየተጨቃጨቁ ይቆፍራሉ።

"የኔ ዶማ ካንቺው ይሻላል።"

"ዶማሽ ይሻላል፤ የምትይዘው ሴት ናት ያስቸገረችው።"

እኔ እሷ ደግሞ ምን አጥፍታ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። በቢሲታስዮን በኩል ብዙ አማራጭ ነበረኝ።

ውሃው የታችኛውን ሰፈር ማጠጣት ሲጀምር ደግሞ ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ከእነሱ በኋላ ጎረቤታቸው፣ ከጎረቤታቸው በኋላ አማቱ። በሦስተኛው ዓመት ቅጣተኞቹ ሰባት ደረሱ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የእያንዳንዱን ወንጀል እገምት ነበር። አንዱን የዶሮ ሌባ አደረግሁት፤ አማቱን ደግሞ ሰው ሳይገድል አይቀርም አልኩ፤ ዝምታው አያምርም።

አክስቴ ማንንም ጠርታ አታውቅም። የመጣውን ቦታ ታሳየዋለች፤ የቀረውን ለምን ቀረህ አትለውም። ሰኞ ስትደርስ ግን እሷ እዚያ ናት፤ ዱላዋም እዚያ ናት። እኔን እጅግ የገረመኝ ሰዉ እሷን መጠየቅ መጀመሩ ነው። ድርቆሽ መቼ እንደሚታጨድ፣ የትኛዋ ጊደር እንደምትሸጥ፣ ወንድ ልጅ ወደ ጀርመን ይሂድ አይሂድ። እንዴት ነው ሰው እንዲህ ያለ ከባድ ፍርድ ያለባትን ሴት ምክር የሚጠይቀው እላለሁ። ዛሬ ሳስበው ያን ጊዜ መንደሩን የምትመራው እሷ ነበረች። እኔ አልገባኝም፤ እሷም የገባት አይመስለኝም።

ኤውቲኪዮ ብቻ ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። በየሰኞው ያው ጥያቄ ነው፤ "አካፋህ የት አለች?" መልሱን ግን ይለዋውጠዋል።

"ምጥ ላይ ናት!"

"ጀርመን ሄዳለች፤ ደብዳቤ ጽፋልኛለች!"

"መንኩሳለች!"

እኛም የዛሬው ምን ይሆን እያልን እንጠብቅ ነበር። ቀልድ ግን እንደ ማሰሮ ወይን ነው፤ ያልቃል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ "ታማለች" ብሎ መልሶ ወደ መጀመሪያው መጣ፤ ማንም አልሳቀም። በሚቀጥለው ሰኞ ስንደርስ በሩን ዘግቶ ገብቷል። አክስቴ በተዘጋው በር ፊት ቆማ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ "እንደምን አደርክ፣ ኤውቲኪዮ፤ አካፋህ የት አለች?" ብላ አለፈች።

እንዲህ እያለ አሥር ዓመት ሞላኝ። በዚያ ጸደይ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ላም ታልቦ ሳያልቅ፣ ደወል ተደወለ። ተራራው ሦስቱ ድንጋዮች ላይ ተንሸራቶ ሃያ እርምጃ ያህል ቦይ ይዞ ወርዷል። ከላይ የመጣው ውሃ ገደል ይገባል። አንድ ሳምንት ከቆየ ውሃው የቀረውን ግድብ ቦርቡሮ ቦዩን በሙሉ እንደሚጨርሰው ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቃል። ሕፃኑ እኔ ነኝ።

ሰው በረንዳው ላይ ተሰበሰበ። አክስቴ እጇ ወተት በወተት ሆኖ ጥግ ላይ ቆማለች። ፊቷን አየሁት። ስትፈራ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

ኤውቲኪዮ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይሄ የእኛ አቅም አይደለም። ለክፍለ ሀገሩ መሐንዲሶች ደብዳቤ ይጻፍ። እስኪመጡ እንጠብቅ። የተስማማችሁ እጃችሁን አውጡ።"

የወጣ እጅ የለም። ኤውቲኪዮ ያልሰሙት መስሎት ደገመው። ያኔ ነው ያየሁት፤ ሰው ሁሉ፣ አባ ሌአንድሮ ሳይቀሩ፣ ቢሲታስዮን ሳትቀር፣ አንገቱን አዙሮ አክስቴን ይመለከታል። ሊጨምሩባት ነው አልኩ። ሰኞ አልበቃቸው ብሎ ማክሰኞንም ሊፈርዱባት ነው።

አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አለች።

"ረቡዕ" አለ አንዱ።

"እንግዲያው ሰኞን አንጠብቅም" አለችና ዶማዋን ልታመጣ ወረደች።

በረንዳው ባዶ ሆነ። ኤውቲኪዮ የስም ዝርዝሩን እንደያዘ ብቻውን ቀረ። ዶማው፣ አካፋው፣ ባሬላው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ በአንድ መንገድ ተመመ። በኤውቲኪዮ ደጅ ስናልፍ አክስቴ ከልማድ የተነሳ ወደ ባዶው መቀመጫ ዞር አለች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ከኋላችን አንድ ሰው እያለከለከ ጮኸ።

"ይቺትና አካፋዬ! ይቺትና! አትጠይቂኝ በቃ!"

አክስቴ ፈገግ እንኳ አላለችም። ስንደርስ በዶማዋ ጫፍ ቦታ አሳየችው፤ ያውም ጭቃው የባሰበትን።

ቀኑን ሙሉ ተቆፈረ። ድንጋይ ተንከባለለ፣ የዛፍ ግንድ ተጎትቶ መጣ። አክስቴ ትቆፍራለች፤ ሰዎች ቀና ብለው እሷ ያለችበትን አይተው መልሰው ያጎነብሳሉ። ከሰዓት በኋላ ከወንድማማቾቹ አንዱ አካፋው ጠንካራ ነገር መታበት። ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ውስጥ አወጣው። አንዲት ትንሽ የእንጨት ጫማ ናት። የግራ።

"ደግሞ ይሄ የማን ነው?" አለ።

ሞኝ ጥያቄ ነበር። በባልሴሮ ከእኔ በቀር ልጅ አልነበረም። ሃያ የሚሆን ዓይን በእኔ ላይ አረፈ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ነገር በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወጣ። "የኔ ነው! ጣውላውን የነቀልኩት እኔ ነኝ! ግድቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ! አክስቴ ምንም አላደረገችም፣ ልቀቋት! እኔን ቅጡኝ! ሰኞን ለኔ ስጡኝ!"

ከዚያ አባ ሌአንድሮ ካባቸውን ለመንከስ ጊዜ አልነበራቸውምና መጀመሪያ እሳቸው ፈነዱ። ቢሲታስዮን ሆዷን ይዛ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ዝምተኛው አማት፣ ነፍሰ ገዳዬ፣ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ኤውቲኪዮ አልሳቀም። "ቦሎቄዬን ያጠብሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ፍልፈል ስረግም!" አለና አካፋውን ወርውሮ እሱም ሳቁን ለቀቀው።

አክስቴ ተንበርክካ ትንሿን ጫማ በሽርጧ ጠረገቻት። "የዋጠውን ይተፋዋል አላልኩሽም?"

"ታውቂ ነበር?"

"ያኔ ቦዩ ዳር ዱካሽን አይቻለሁ፤ በዚህ መንደር እንዲህ ያለ እግር ያለው ሌላ ማን አለ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሥራ ነበረኝ" አለች። ቀጥላ አገጬን በጭቃማ እጇ ቀና አደረገችው። "ማንም አልፈረደብኝም፣ ልጄ። ራሴ ነኝ የመጣሁት።"

እፎይ ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። ያ ሁሉ ሾርባ፣ ያ ሁሉ ንስሐ፣ ላሞቹን "እባካችሁ" ማለት ሁሉ በከንቱ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ውሃው በግንዶቹ ላይ አልፎ ወደ መንደር ወረደ። አክስቴ እጄን ይዛ ከውሃው እኩል እየሄደች ቤታችን ድረስ ሸኘችው።

በሚቀጥለው እሁድ ኤውቲኪዮ ስም ሲጠራ "ኦብዱሊያ" አለና ቆመ። ለዓመታት ከስሟ ኋላ ሲያስከትለው የኖረው "ግማሽ ቤት" ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ዋጠውና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

"እኔስ?" አለች ቢሲታስዮን።

"አንቺም፣ አንቺም!" አለ እያጉረመረመ።

ከዚያ ወዲህ በባልሴሮ ግማሽ ቤት የለም። ሁለቱ መበለቶችም እርስ በርስ መሰራረዛቸውን በሙሉ ድምፅ ቀጠሉ። አክስቴ ሹመት ይዛ አታውቅም። ኤውቲኪዮ ሃያ ዓመት ሰብሳቢ ሆኖ ቆየ፤ ግን እጅ አውጡ ሲል ሰዉ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን እጅ ነው፤ እሱም ጭምር። ከክፍለ ሀገር ይመጣል የተባለው ቱቦ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

እኔ ከጊዜ በኋላ ሌዮን ገባሁ፤ በቅጣት ሳይሆን በፍላጎት። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ወለድኩ። ለበዓል ለበዓል እመጣ ነበር። ሰኞ ግን መጥቼ አላውቅም፤ ሰኞ የሥራ ቀን ነው እል ነበር።

አክስቴ በሰማንያ አራት ዓመቷ፣ በመጋቢት፣ ቁርሷን በልታ ጋደም እንዳለች ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ሰው ሲበተን የከተማ ጫማዬን አራግፌ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። በኤውቲኪዮ ደጅ ቀስ ብዬ ሳልፍ፣ ሰማንያ ሰባት ዓመት የሞላው ኤውቲኪዮ የቀብር ልብሱን እንደለበሰ መቀመጫው ላይ ነበር። ከዘራውን አንስቶ አስቆመኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"እንደምን ዋልሽ፣ ኔሊዳ" አለኝ። "አካፋሽ የት አለች?"

"ጋሼ፣ ነገ ሥራ አለኝ፤ ሳይመሽ ሌዮን መግባት—"

"ታማለች?" አለ። "ወይስ ጀርመን ሄዳለች?"

ቀኑ ሰኞ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሞተሩን አጠፋሁ።

ዶማዋ በረቱ ግድግዳ ላይ ነበር። ከጎኑ በሁለት ምስማር ላይ ሁለት ትናንሽ የእንጨት ጫማዎች ተንጠልጥለዋል፣ የግራና የቀኝ። እዚያው ቆሜ ቀብሯ ላይ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ከዚያ ዶማዋን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወጣሁ። በደጁ ሳልፍ ኤውቲኪዮ በከዘራው ጫፍ ወደ ቦዩ አመለከተኝ።

ከመጀመሪያው መታጠፊያ ወዲህ፣ ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ፣ ባለፈው ሰኞ የተከለቻትን ዱላ አገኘኋት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ቅጣቱ ትክክለኛ ባለቤቱን አገኘ። ዱላዋን ነቀልኩና ከዚያው ጀመርኩ።